ከምንጣፉ ሥር ያለው ብረት

ይህ ጽሑፍ ድሬዳዋ ውስጥ ለፒካፕ ባለንብረቶች፣ ለሹፌሮችና ለጋራዥ ልጆች ካደረግሁት ንግግር የተወሰደ ነው። ለንባብ እንዲመች ጥቂት ቦታ አስተካክዬዋለሁ።

እንደምን አደራችሁ። በዚህ ጠዋት፣ ገና በ1 ሰዓት ስለመጣችሁልኝ አመሰግናለሁ። በጠዋት የጠራኋችሁ በምክንያት ነው። ምክንያቱን ወደ ኋላ እነግራችኋለሁ።

ስትገቡ በሩ አጠገብ አንዲት ነጭ ሃይሉክስ ቆማ አይታችኋል። ደብል ካቢን ናት። የጭነት ቦታዋ ላይ ጥቁር ግራጫ ምንጣፍ ተነጥፎባታል። አንዳንዶቻችሁ ስታልፉ በእጃችሁ ዳሰስ አድርጋችሁታል። አንድ ወንድሜማ ቆም ብሎ፣ «አቦ፣ ይሄ የሳሎን አይደለም እንዴ?» ብሎ ጠየቀኝ። አይደለም። ዛሬ የማወራችሁም ስለዚሁ ነው። ፒካፕ ላይ ምን ዓይነት ምንጣፍ ይነጠፋል? እንዴት ይነጠፋል? ከሥሩ ያለው ብረትስ እንዴት ይተርፋል? ሦስተኛው ጥያቄ ከሁለቱ ይበልጥብኛል። ለምን እንደሆነ ከራሴ ልጀምር።

እኔ የመኪና ወንበር ልብስ ሰፊ ነኝ። ፒካፕ ላይ መጀመሪያ ምንጣፍ ያነጠፍኩት ለአጎቴ ነው። አጎቴ ከባቢሌ ኦቾሎኒ፣ ከኤረር ማንጎና ፓፓያ ያመላልስ ነበር። ፍራፍሬው ከብረቱ ጋር እየተጋጨ ይበላሽበታል። የካሶኒው፣ የጭነት ቦታው ማለቴ ነው፣ ቀለምም ተፋቀ። «አንተ ልጅ፣ ጨርቅ ታውቃለህ፤ እስቲ አንድ ነገር አድርግልኝ» አለኝ። ከአንድ ቤት ሥራ የተረፈ ሞኬት ነበረኝ። ማስቲሽ ቀባሁ፣ ለጠፍኩ፣ ጠርዙን በካተር አስተካከልኩ። አማረ። አጎቴ መረቀኝ።

ሁለት ክረምት አለፈ። አንድ ቀን «ካሶኒው ይሸተኛል» ብሎ አመጣት። ጥጉን ይዤ ስስበው ሞኬቱ ብቻውን አልመጣም፤ ቀለሙን ይዞ መጣ። ከቀለሙ ሥር ደግሞ ላሜራው እንደ ሽንኩርት ልጣጭ እየተነሳ ይረግፋል። መኪናዋ ሥር ገብቼ ቀና ስል በሦስት ቦታ ብርሃን ይገባል። አጎቴ አልተቆጣኝም። ጣቱን በአንዱ ቀዳዳ አስገባና ዝም አለ። ያ ዝምታ እስከ ዛሬ አለቀቀኝም። ዛሬ እዚህ የቆምኩት ያንን ስህተት ሌላ ሰው እንዳይደግመው ነው።

ምን ነበር የሆነው? ብረት እንዲዝግ ውሃና አየር ይበቁታል። ጨው ከታከለበት ይፈጥናል። ባዶ ካሶኒ ላይ ዝናብ ቢዘንብ የድሬ ፀሐይ ወዲያው ታደርቀዋለች። ምንጣፍ ስናነጥፍ ግን ያቺን ፀሐይ ከለከልናት ማለት ነው። እኔ የተጠቀምኩት የቤት ሞኬት ጀርባው የጁት ክር ነበር። ጁት ጆንያ የሚሠራበት የተክል ጭረት ነው፤ ውሃ ይጠጣል፣ ቶሎም አይለቅም። በዚያ ላይ ማስቲሹ ውሃው ሊወጣበት የሚችለውን ቀዳዳ ሁሉ ደፍኖታል። እርጥብ ጨርቅ ብረት ላይ ጥዬ ሁለት ዓመት እንደመተው ነው። የጫነው ደግሞ አትክልትና ፍራፍሬ ነው፤ በጋም ቢሆን እርጥበት አይለየውም። ከአወዳይ ጫት የምትጭኑ ይሄን ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። ጫቱ እንዳይጠወልግ በእርጥብ ቅጠል ተጠቅልሎ ነው የሚመጣው። ያ እርጥበት የሆነ ቦታ ይወርዳል።

ለፒካፕ ተብሎ የሚሠራው ምንጣፍ ሌላ ነው። ክሩ ፖሊፕሮፒሊን ይባላል። ስሙ አይክበዳችሁ፤ የስኳርና የማዳበሪያ ከረጢት የሚሠራበት ፕላስቲክ ነው። ይህ ክር ውሃ አይጠጣም። ውሃው በክሮቹ መካከል ያልፋል እንጂ ወደ ክሩ ውስጥ አይገባም። ከጀርባው ያለው ፎምም እንደ ፍራሽ ስፖንጅ አይደለም። ውስጡ ያሉት የአየር ኪሶች እያንዳንዳቸው የተዘጉ ናቸው፤ የተጠጋጉ ትንንሽ ፊኛዎች አድርጋችሁ አስቡት። ስለዚህ ውሃ አይመጥም። ምንጣፉ ብረቱ ላይ የሚያዘውም በማስቲሽ አይደለም። ጫማና ቦርሳ ላይ በምናውቀው፣ ሲላቀቅ ጠርር በሚለው ቬልክሮ ነው። ትልቁ ብልሃት እዚህ ጋ ነው ብዬ አምናለሁ። ቬልክሮ የሚነሳ ነገር ነው። የሚነሳ ምንጣፍ ሥሩ ይታያል፣ ይጠረጋል፣ ይደርቃል።

ሐረር ጁገል ውስጥ የሐረሪ ቤት የገባችሁ ነደባው ላይ፣ ከፍ ተደርጎ በተሠራው መቀመጫ ላይ፣ የሚነጠፈውን ምንጣፍ ታውቁታላችሁ። ከበሩ በላይ ተጠቅልሎ የተቀመጠ ምንጣፍ ካያችሁ፣ ቤቱ ውስጥ ለጋብቻ የደረሰች ልጅ አለች ማለት እንደሆነ ይነገራል። ውብ ልማድ ነው። እኔን ግን ከልጅነቴ የሚማርከኝ ሌላ ነገር ነው። እነዚያ እናቶች ምንጣፉን ያነሱታል። ሥሩን ይጠርጋሉ፣ ያራግፉታል፣ መልሰው ያነጥፉታል። ማስቲሽ የያዘውን ምንጣፍ ማን ያነሳዋል? እናቶቻችን የሚያውቁትን ነገር እኔ ከአጎቴ መኪና በፊት ልማረው ይገባኝ ነበር።

ለየመኪናው ሞዴል ተቆርጦ የሚመጣ ዝግጁ ምንጣፍ አለ። የወለሉ፣ የሁለቱ ጎን፣ የካቢኑ ጀርባ፣ ተከፍቶ የሚዘጋው የኋላው ስፖንዳ፣ ሁሉም በየልኩ። አቅም ያለው ይግዛ፤ ጥሩ ነገር ነው። ከውጭ ስለሚመጣ ግን ውድ ነው። ስለዚህ ራሳችን ቆርጠን መሥራት እንችላለን። ችግሩ ዕቃውን መለየት ላይ ነው። ታይዋን ገበያም ዞራችሁ፣ ቀፊራም ወርዳችሁ «ሞኬት» ስትሉ የሚሰጣችሁ ሁሉ አንድ አይደለም። ባለሱቁም ከምን እንደተሠራ ላያውቅ ይችላል። ራሳችሁ ፈትኑት።

አንዱ ፈተና በውሃ ነው። ከጫፉ ሁለት ሦስት ክር ንቀሉ። ብርጭቆ ውሃ ውስጥ አንድ ጠብታ ፈሳሽ ሳሙና ጨምሩ። ክሩን ከውሃው ሥር አስገብታችሁ አየሩን በጣታችሁ ጨምቃችሁ አስወጡና ልቀቁት። ተመልሶ ከተንሳፈፈ ፖሊፕሮፒሊን ሊሆን ይችላል፤ ከውሃ የቀለለ ነውና። ናይለንና ፖሊስተር ይሰምጣሉ። ሌላው በእሳት ነው። ክሩን በመቆንጠጫ ይዛችሁ ከሱቁ ራቅ በሉና ክብሪት አስጠጉት። ፖሊፕሮፒሊን ይቀልጣል፤ ሽታው የሻማ ነው። ሱፍ የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል። ጥጥና ጁት እንደ ወረቀት ነደው አመድ ይሆናሉ። ፎሙን ደግሞ ውሃ ውስጥ ነክራችሁ ጭመቁት። ውሃ ጠጥቶ ከከበደ ስፖንጅ ነው፤ ተዉት። ክሩም ሆነ ፎሙ ፈተናውን ካላለፈ ዋጋው ቢረክስም አትግዙት።

የፕላስቲክ ገንዳውስ የሚለኝ አለ። አዲስ ፒካፕ ላይ ገብቶ የሚቀመጠው ጠንካራው ፕላስቲክ ማለት ነው። ለከባድ ጭነት ጎበዝ ነው፤ አልጠላውም። ግን ከሥሩ አሸዋና ውሃ ይገባል፤ መኪናው በተንቀጠቀጠ ቁጥር ፕላስቲኩ አሸዋውን ይዞ ቀለሙን ይፍቃል። የጎማ ምንጣፍም አለ፤ ጭነት አያንሸራትትም፤ ክብደቱ ግን ለማንሳት ያታክታል። በመርጫ የሚቀባው ሽፋን ደግሞ ብረቱ ላይ ተጣብቆ ስለሚቀር ከሥሩ ውሃ አይገባም፤ በደንብ ከተሠራ ከሁሉም የጠነከረ ነው። ግን ሻካራ ነው። ለቲማቲም አይራራም።

ለስላሳው ምንጣፍ ትርጉሙ የሚገባችሁ ደንገጎ ዳገት ላይ ነው። ድሬ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ያንን ጠመዝማዛ ወጥታችሁ ሐረማያ ስትደርሱ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ናችሁ። እስከ ሐረር ያለው መንገድ በሙሉ 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ጭነቱን የሚፈትነው ግን ያ ዳገትና ቁልቁለት ነው። በየኩርባው ሳጥኑ ወደ ግራ ይላጋል፣ ወደ ቀኝ ይላጋል። ከታች ያለው ቲማቲም ገበያ ሲደርስ ግማሹ ፈሷል። ምንጣፍ ሲኖር ንዝረቱ ይበርዳል፣ ሳጥኑም እንደ ባዶ ብረት አይንሸራተትም። ጭነት ለማስተካከል ካሶኒው ውስጥ የሚንበረከከው ረዳትም ጉልበቱ ይተርፋል። ይሄ ትንሽ ነገር የሚመስለው ተንበርክኮ ለማያውቅ ሰው ነው። አንድ ነገር ግን አደራ። ምንጣፍ ገመድን አይተካም። ጭነት ይታሰር።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ።

የሥራው ትልቁ ክፍል ምንጣፉ ገና ተጠቅልሎ እያለ ነው የሚያልቀው። ካሶኒውን ባዶ አድርጉ። የገመድ ማሰሪያ ቀለበቶቹን ብሎን ፈታችሁ አስቀምጡ። ከዚያ ላቫጆ ውሰዷት። ካቢኑ ወደ ዳገት ዞሮ፣ የኋላው ስፖንዳ ተከፍቶ ይታጠብ። ጥጋጥጉ ውስጥ የደረቀ ጭቃ አለ፤ በጥርስ ብሩሽም ቢሆን ይውጣ። በዱቄት ሳሙና እጠቡና በደንብ አለቅልቁ። ከዚያ አንድ ሙሉ ቀን ፀሐይ ላይ ትዋል። «ደርቋል» ብላችሁ ስታስቡ እጃችሁን መጋጠሚያዎቹ ውስጥ ክተቱ። እዚያ ነው እርጥበቱ የሚደበቀው።

ዝገት ካያችሁ አትለፉት። እኔ ዝገት ያለበት ካሶኒ ላይ ምንጣፍ አላነጥፍም። ደንበኛ ተቆጥቶብኝ ሄዶ ያውቃል፤ ይሂድ። ዝገቱ በብሩሽና በብርጭቆ ወረቀት ንጹሕ ብረት እስኪታይ ይፋቃል። አንቲራስት፣ የዝገት መከላከያው፣ ይቀባል፣ ይደርቃል፣ ከላዩ ቀለም ይደረጋል። አዲስ ቀለም ላይ በማግስቱ ቬልክሮ አትለጥፉ። ላዩ ደርቆ ሥሩ ገና ለስላሳ ነው። ቢያንስ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት ታገሡት። ሰው እዚህ ጋ ይቸኩላል። መኪናው ቆሞ እንጀራ አይገኝማ፤ ይገባኛል። ግን ሥራ እየሠራችሁበትም ቀለሙ ይደርቃል። እስኪደርቅ የሚጠብቀው ምንጣፉ ብቻ ነው።

ከዚያ ልኬት ነው። በቀጥታ ምንጣፉን አትቁረጡ። የሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት ወይም ካርቶን ካሶኒው ውስጥ ዘርግታችሁ መጀመሪያ እሱን ቁረጡ። ከጎማዎቹ በላይ ያሉት ጉብታዎች ዙሪያ ወረቀቱ እንቢ ይላል፤ ትንንሽ ስንጥቅ እየሰጣችሁ አቅፉት። ወረቀቱ ልክ ሲሆን ምንጣፉን ገልብጣችሁ በጀርባው በኩል በጠመኔ ቅዱና ቁረጡ። የካተሩ ስለት አዲስ ይሁን። የደነዘዘ ስለት ክር ይጎትታል፤ ጠርዙም ይዘራል። ከልኩ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል አተርፉ። የበዛ ይቆረጣል፤ ያነሰ አይቀጠልም። የወለሉ ምንጣፍ ፀጉር ወደ ኋላ፣ ወደ ስፖንዳው እንዲተኛ አድርጉ። በመጥረጊያ ስትጠርጉ ቆሻሻው ሳይጎትት ይወጣላችኋል።

ጠርዙን ማሰፋት የሚፈልግ ምንጣፉን ለብቻው ይዞ ይሂድ እንጂ ከፎሙ ጋር አይውሰደው። ሐረር መኪና ግርግር ያሉት ሰፊዎች እጃቸው የተባረከ ነው። የሰፈሩ ስም ራሱ ከስፌት መኪናው ድምፅ የመጣ ነው። ግን የልብስ ስፌት መኪና ወፍራም ፎም አይበሳም። ጠርዙ ብቻ በጥብጣብ ይታሰር።

ፎሙን በተመለከተ አንድ የተማርኩት ነገር አለ። ማስቲሽ ፖሊፕሮፒሊንን በደንብ አይዝም። የዚህ ፕላስቲክ ጠባይ ነው። ዛሬ የተጣበቀ ይመስላል፤ የድሬ ሙቀት ሲመጣ ይላቀቃል። ስለዚህ ፎሙን ከምንጣፉ ጋር ለማጣበቅ አትድከሙ። ከወለሉ ምንጣፍ በየጎኑ 5 ሴንቲ ሜትር አሳንሳችሁ ቁረጡትና ከሥር ልቅ ሆኖ ይቀመጥ። የምንጣፉ ጠርዝ ቬልክሮው ላይ ሲያዝ ፎሙም አብሮ ይያዛል። ለማጽዳት ስታነሱት ደግሞ ሁለቱም ለየብቻ ይነሳሉ።

አሁን በጠዋት የጠራኋችሁ ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ቬልክሮው ብረቱ ላይ የሚለጠፈው በራሱ ማጣበቂያ ነው። ለመኪና የሚሆነው ጠንካራው አክሪሊክ ማጣበቂያ ሲለጠፍ የብረቱ ሙቀት ከ21 እስከ 38 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቢሆን ይመረጣል። የብረቱ ነው ያልኩት፤ የአየሩ አይደለም። ድሬ ላይ እኩለ ቀን ፀሐይ ላይ የቆመ ካሶኒ እጅ አያስቀምጥም። በዚያ ሰዓት ብትለጥፉ የምትጠርጉበት አልኮል ቅባቱን ሳያነሳ ይተናል፤ ማጣበቂያውም ከመጠን በላይ ይለሰልሳል። ስለዚህ ድሬ ላይ ይሄ የጠዋት ሥራ ነው፤ ከ12 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ ጥላ ሥር ይሠራ። ሐረር ላይ ግን ተቃራኒው ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት ብረቱ ቀዝቃዛ ነው፤ ጤዛም አለው። እዚያ 5 ሰዓት አካባቢ፣ ፀሐይዋ ካሞቀችው በኋላ ጀምሩ። አንዱ ሥራ፣ የአንድ ሰዓት ተኩል መንገድ በማይሞላ ርቀት፣ ሁለት የተለያየ መጀመሪያ ሰዓት አለው።

ቬልክሮው የሚለጠፍበትን ቦታ ከፋርማሲ በሚገዛ አልኮል ጥረጉ። በንጹሕ ጨርቅ፣ በአንድ አቅጣጫ፣ ጨርቁን እየቀያየራችሁ። ናፍጣ አትጠቀሙ። ናፍጣ ቆሻሻ ያነሳል ግን ቅባት ጥሎ ይሄዳል። ቬልክሮውን ለጥፋችሁ በመዳፋችሁ አጥብቃችሁ ተጫኑት። ይህ ማጣበቂያ የሚይዘው በግፊት ነው። ከዚያ ተዉት። በ24 ሰዓት ውስጥ አብዛኛውን ጉልበቱን ያገኛል፤ ሙሉ ጉልበቱን የሚያገኘው ከ72 ሰዓት በኋላ ነው። ምንጣፉን በማግስቱ አነጥፉት፤ ከባድ ጭነት ግን ሦስተኛው ቀን ካለፈ በኋላ ይሁን። የምንጣፉ ጀርባ ልሙጥ ስለሆነ ቬልክሮውን አልይዝ ካለ፣ ሴቴውን፣ ማለትም ፀጉራማውን፣ ቬልክሮ ከጀርባው ላይ በክር ስፉት።

ቬልክሮው የሚለጠፍበት አቅጣጫስ? እባካችሁ እዚህ ጋ ልብ በሉ። የፒካፕ ወለል ዝርግ አይደለም። ከካቢኑ ወደ ኋላ የሚሄዱ ጎድጓዳ መስመሮች አሉት። ፋብሪካው ለውበት አላደረጋቸውም። ላሜራውን ያጠነክራሉ፣ ውሃውንም ወደ ኋላ ይወስዳሉ። የድሬ ልጅ ለሆነ ሰው ስለ ውሃ መንገድ ብዙ ማስረዳት አያስፈልገኝም። የደቻቱ ወንዝ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው፤ ሰው ይሻገርበታል። ከላይ ደጋው ላይ ሲዘንብ ግን ውሃው መንገዱን ይጠይቃል። መንገዱ ላይ የተቀመጠውን ሁሉ ይገፋል። ካሶኒም ልክ እንደዚያው ነው። ፎሙ ከፍ ከፍ ባሉት መስመሮች ላይ ይረፍ፤ ጎድጓዶቹ ባዶ ይሁኑ። «ዝርግ እንዲሆን» ብላችሁ ጎድጓዱን በፎም ወይም በጨርቅ አትሙሉ። ቬልክሮው ከፊት ወደ ኋላ ይለጠፍ እንጂ መስመሮቹን አቋርጦ አይሂድ። አቋርጦ ከሄደ ትንሽ ግድብ ሠራችሁ ማለት ነው። ጥግና ጥጉ ላይ ያሉት የውሃ ማውጫ ቀዳዳዎች ላይ ምንጣፉን አውራ ጣት በሚያህል ቁረጡት። ያን ያህል ቀዳዳ ማንም አያይበትም።

ሲነጠፍ ከካቢኑ ጀርባ ያለው ግድግዳ ይቅደም፣ ከዚያ ሁለቱ ጎኖች፣ ወለሉ መጨረሻ ይግባ። የወለሉ ጠርዝ የግድግዳዎቹን እግር ተጭኖ ይይዛቸዋል። የገመድ ቀለበቶቹን ቦታ ከላይ በጣታችሁ ፈልጉ፤ ትንሽ የመስቀል ስንጥቅ ስጡና ብሎናቸውን መልሱ። የኋላው ስፖንዳ ምንጣፍ ለብቻው ይሁን። ከወለሉ ጋር አንድ ላይ ከሠራችሁት ስፖንዳው በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር ማጠፊያው ላይ ይቀደዳል። ስፖንዳው ሳይገፋ መዘጋቱን፣ እጀታውም ነጻ መሆኑን አሥር ጊዜ ከፍታችሁ ዘግታችሁ እዩ። ያልተቆለፈ ስፖንዳ ደንገጎ ላይ ሲከፈት ከኋላ የሚመጣው ሰው ላይ ነው የሚፈርደው።

ምንጣፍ የማይሆንለት ሰው አለ። አሸዋ፣ ድንጋይ፣ ልቅ ሲሚንቶ፣ ቁርጥራጭ ብረት የምትጭኑ ይሄን አታንጥፉ። ገንዘባችሁን አልፈልገውም። የደቻቱ አሸዋ ከቀለም ይጠነክራል፤ ከምንጣፉ ሥር ከገባ በየመንገዱ እየፈጨው ነው የሚሄደው። ሲሚንቶ ክሩ ውስጥ ገብቶ ውሃ ካገኘ ይደርቃል፤ ከዚያ በኋላ አይወጣም። ለእናንተ የጎማ ምንጣፍ ይሻላችኋል። አንዳንዴ ብቻ ሲሚንቶ የምትጭኑ ከሆነ ምንጣፉን አንሱትና ቤት አስቀምጡት። ቬልክሮ ነው፤ መልሳችሁ ታነጥፉታላችሁ። እሳትም ጠላቱ ነው። ፖሊፕሮፒሊን 160 ዲግሪ ገደማ ላይ ይቀልጣል። የሲጋራ ቁራጭ፣ የከሰል ፍም፣ የብየዳ ፍንጣሪ ቀዳዳ ይተውበታል። ካሶኒው አጠገብ ብየዳ ካለ ምንጣፉ ይውጣ።

ሌላም ልቤ ውስጥ ያለ ነገር አለ። ምንጣፉ ሲነጠፍ ካሶኒው ሞቅ ያለ ቤት ይመስላል። ልጆች መቀመጥ ይወዱበታል። ለሠርግ፣ ለለቅሶ ሰው «ለስላሳ ነው፣ ውጡበት» ማለት ይመጣል። ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ አደራ። እኔ የምሠራው ለጭነት ነው። ካሶኒ ቀበቶ የለውም። ሰው በኩርባ ላይ ሲወረወር ሥሩ ምንጣፍ መሆኑ አያድነውም። የሠራሁት ምንጣፍ ሰው ለመጫን ምክንያት ከሆነ ባልሠራው እመርጣለሁ።

አጠባበቁ ቀላል ነው። በየሳምንቱ ይጠረግ። በክረምት፣ በሐምሌና በነሐሴ፣ ከከባድ ዝናብ በኋላ ስፖንዳውን ክፈቱና ካቢኑን ወደ ዳገት አዙራችሁ አቁሙት። በወር አንድ ጊዜ የወለሉን ምንጣፍ ሙሉ በሙሉ አንሱት። ፎሙንም አንሱት። ሥሩን ጥረጉ፣ ብረቱን እዩ። የባትሪ ውሃ ወይም ጨው የፈሰሰበት ቀን ግን ወር አትጠብቁ። ምንጣፉ ይችለዋል፤ ብረቱ አይችለውም። ያኔውኑ አንስታችሁ በብዙ ውሃ እጠቡት።

ጥያቄ ተነስቶ ነበር። አንዲት እህቴ፣ የራሷ ደብል ካቢን ያላት ነጋዴ፣ «ስንት ሜትር ልግዛ?» አለችኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ብዙ ሰው ከልኩ በላይ ይገዛል። የደብል ካቢን ወለል ርዝመቱም ወርዱም አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ነው። ግድግዳዎቹና ስፖንዳው ከፍታቸው ግማሽ ሜትር ገደማ ነው። ጥቅሉ 2 ሜትር ወርድ ካለው፣ ከመጀመሪያው አንድ ሜትር ተኩል ወለሉ ይወጣል። ከሚቀጥለው አንድ ሜትር ተኩል ደግሞ ጎን ለጎን አራት ቁራጭ ይወጣል፤ ሁለቱ ለጎን፣ አንዱ ለካቢኑ ጀርባ፣ አንዱ ለስፖንዳው። ሦስት ሜትር ይበቃል ማለት ነው። ለመሳሳቻ ግማሽ ሜትር ጨምሪና ሦስት ሜትር ተኩል ግዢ። ግን መኪና ከመኪና ይለያያልና መጀመሪያ የራስሽን ለኪ። ሲንግል ካቢን ያላችሁ ወለላችሁ ይረዝማል፤ ሒሳቡን እንደዚያው አስፉት።

አንድ አባት ደግሞ ከኋላ ተነስተው፣ «ልጄ፣ ያነጠፍኩት አለ፤ በማስቲሽ ነው። ምን ላድርግ?» አሉኝ። ጋሼ፣ ይነሳ። ዛሬ የሚነሳው ቀለም ይዞ ይነሳ ይሆናል። ከርሞ ከሆነ ግን ላሜራውን ይዞ ነው የሚነሳው። ይምጡና አብረን እናነሳዋለን፤ ለዚህ ገንዘብ አልቀበልም።

አሁን ፀሐይዋ ሳትበረታ ወደ በሩ እንሂድ። ያቺ ሃይሉክስ ላይ ምንጣፉ ከተነጠፈ ሁለተኛ ክረምቷን አልፋለች። ትናንት ማታ ሙሉ ጀሪካን ውሃ አፍስሼባታለሁ። የቀኝ ጥጓን አንሱና እጃችሁን እስከ ክርናችሁ ከሥር ክተቱ። ደረቅ ከሆነ ንገሩኝ። እርጥብ ከሆነም ንገሩኝ፤ የት ጋ እንደተዘጋ አብረን እንፈልገዋለን።